የሁለት ክፍል አከራይ፦ ከ1967ቱ አዋጅ እስከ 2016ቱ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር፤ የሐምሌ ገብርኤል። በዚያ ቀን በወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታ በሙሉ የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ከሚኖርበት አንድ ቤት በላይ ያለው መኖሪያም «ትርፍ ቤት» ተብሎ ተወረሰ። የአከራይና የተከራይ ግንኙነት በአዋጅ ቀረ።

የገጠሩ መሬት አምስት ወር ሳይሞላ በፊት፣ የካቲት 25 ቀን፣ ተወርሶ ስለነበር የከተማው ተራ እንደሚደርስ የገመተ ብዙ ነበር። መሳፍንቱና መኳንንቱ፣ በየሰፈሩ በደርዘን የሚቆጠር ቤት የሚያከራዩት ባለጸጎች ይነካሉ ብሎ ያልጠበቀ የለም። ብዙ ያልታሰበባቸው ሌሎቹ ነበሩ። ባሏ የሞተባት፣ ከምትኖርበት ቤት ጎን ሁለት የጭቃ ክፍል አከራይታ ልጆቿን የምታስተምር ባልቴት አለች። ዕድሜውን በመንግሥት ሥራ ጨርሶ ለጡረታው መደጎሚያ ይሆነኛል ብሎ አንድ ትንሽ ቤት የሠራ ጸሐፊ አለ። አዋጁ ሁለት መቶ ቤት ያለውንና ሁለት ክፍል ያላትን በአንድ ቃል ጠራቸው፦ ባለ ትርፍ ቤት።

ዛሬ በከተማ ውስጥ አንድ ኮንዶሚኒየም፣ ሁለት የሰርቪስ ክፍል ወይም አንድ ፎቅ ሠርቶ የሚያከራይ ሰው ሁሉ የዚያች ባልቴት ወራሽ ነው። ቤቱን ባይወርስም ፍርሃቱን ወርሷል። ውል መጻፍ የማይወደው፣ ኪራዩን በእጅ የሚቀበለው፣ የወረዳ ሰው በር ሲያንኳኳ «ዘመዴ ነው» የሚለው ያለ ታሪክ አይደለም። ችግሩ ይህ ፍርሃት የሚጠብቀው መስሎት የሚጎዳው መሆኑ ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት የአዋጁን ዝርዝርና ከዚያ በኋላ የሆነውን ረጋ ብሎ መመልከት ይጠይቃል።

በመጀመሪያ ፍትሐዊ ለመሆን፦ አዋጁ ያለ ምክንያት አልመጣም። የአዲስ አበባ መሬት ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በጥቂት እጆች የተከማቸ ነበር። ሰፈሮቹ ሲቆረቆሩ ቦታው ለሹማምንትና ለጦር አለቆች ተሰጠ፤ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በወጣው ደንብ መሬት በግል መያዝና መሸጥ መለወጥ ሲፈቀድ የተሰጠው ርስት ወደ ገበያ ንብረት ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ከገጠር የመጣው ሠራተኛ፣ ነጋዴ፣ የቤት አገልጋይ ከተማ ውስጥ የሚያርፍበት ጣሪያ የሌላ ሰው ጣሪያ ነበር። ከደመወዙ ከፍ ያለውን ድርሻ ለኪራይ የሚከፍል ተከራይ የሐምሌ 19ኙን ዜና በእልልታ ቢቀበል የሚፈረድበት አልነበረም።

አዋጁም ለተከራዩ እውነተኛ ጥቅም አመጣ። በወር እስከ 300 ብር የሚከራዩ ቤቶች ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ፤ ቅናሹ የሚበዛው ኪራዩ ዝቅተኛ በሆነበት ነበር። ሃያ ብር ይከፍል የነበረ ሰው አሥር ብር መክፈል ጀመረ። ለብዙ ቤተሰብ ይህ የልጅ ጫማ፣ የጤፍ ወጪ ማለት ነው።

ለባለቤቶቹም ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር ነበር። ለተወረሰው ትርፍ ቤት ካሳ ይከፈላል ተባለ፤ ለቦታው ግን ካሳ የለም። ኪራይ ብቸኛ መተዳደሪያው ለነበረ ሰው ወርሃዊ አበል ተፈቀደ። ስለዚህ ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ያችን ባልቴት ጨርሶ አላሰቧትም ማለት አይቻልም። አስበዋት ነበር፤ ያሰቧት ግን እንደ ተረጂ ነው። ቤት አከራይቶ መኖር በራሱ ሥራ ሊሆን እንደሚችል፣ ጣሪያ መጠገን፣ ጉድጓድ ማስጠረግ፣ ተከራይ መምረጥ፣ ግብር መክፈል ሙያ መሆኑን ግን አላዩም። ካሳውም ለአብዛኛው ባለቤት ሳይደርሰው ዘመን አለፈ።

ከተወረሱት ቤቶች በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የኋለኛው ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን የሚባለው ነው። ለአከራይ ትልቁ ትምህርት ያለው በዚህ ክፍፍል ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ተነግሮ አያውቅም።

መንግሥት በአንድ ቀን የአገሪቱ ትልቁ አከራይ ሆነ። ተከራይ የማጣት ስጋት የለበትም፤ ለቤቱ ግዥ ያወጣው ገንዘብ የለም፤ የባንክ ዕዳ የለበትም። ማንኛውም አከራይ የሚመኘው ሁኔታ ነው። ሆኖም በሃምሳ ዓመት ውስጥ የቀበሌ ቤት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፦ ቆርቆሮው የዛገ፣ ግድግዳው ያዘነበለ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት ለብዙ አባወራ የሆነበት ግቢ። ምክንያቱ የሠራተኞች ስንፍና ብቻ አልነበረም። ሒሳቡ ከመጀመሪያው የተበላሸ ነበር። ለቀበሌ የደረሱት በጣም ያረጁትና ብዙ ጥገና የሚፈልጉት የጭቃ ቤቶች ናቸው። ኪራያቸው በከፍተኛ መጠን የተቀነሰውም እነሱው ናቸው። የቀረው ኪራይ ደግሞ እዚያው ላይ ቆመ። ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ የአናጢ ቀን ዋጋ በየዓመቱ ሲጨምር የቀበሌው ኪራይ ግን አሥር ብር ከሆነ አሥር ብር ነው። አንድ ወቅት የዓመቱ ኪራይ አንድ ቆርቆሮ የማይገዛበት ደረጃ ተደረሰ። ተከራዩም ቤቱ የራሱ ስላልሆነ ገንዘብ አያወጣበትም፤ አውጥቶ ቢያድስ እንኳ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ማንም አልጠገነውም።

ከኪራይ ላይ ለጥገና የማይቀመጥ ገንዘብ ቤቱን ይበላል። መንግሥትን የበላው ይህ ሕግ የሁለት ክፍል አከራይን አይምርም።

አከራይነቱስ? በወረቀት ጠፋ፤ በግቢ ውስጥ ግን ቀረ። የቀበሌ ቤት የያዘ ሰው አንዱን ክፍል ለደባል ማካፈል፣ ተከራይ ራሱ ተመልሶ ማከራየት፣ እንግዳውን የአጎት ልጅ ብሎ ማስመዝገብ የተለመደ ኑሮ ሆነ። በአንድ ግቢ ውስጥ የግል ቤትና የቀበሌ ቤት ግድግዳ ተጋርተው የቆሙባቸው ሰፈሮች እስከ ቅርብ ጊዜ በብዛት ነበሩ። የቀድሞዋ ባለቤት በዋናው ቤት፣ የቀድሞ ተከራይዋ በጓሮው ቤት፣ ኪራዩ ለቀበሌ። ሁለቱ ቡና እየተጠራሩ ጠጥተዋል፤ በውሃ ቆጣሪና በአጥር ደግሞ ተካሰዋል። የአዲስ አበባ ጉርብትና ግማሽ ታሪክ ይህ ነው።

በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ የግል ባለሀብት እንደገና ሲጠራ፣ በ1983 መንግሥት ሲለወጥ፣ የቀድሞ ባለቤቶች ተስፋ አደረጉ። ቤታችን ይመለሳል ብለው ያረጁ ሰነዶችን ከሳጥን ያወጡ ብዙ ናቸው። መልሱ የመጣው በአዋጅ ቁጥር 110/1987 ነው፤ መልሱም ብዙዎችን ያስደነገጠ ነበር። የሚመረመረው ከአዋጁ ውጪ፣ ያለ አግባብ የተወሰደ ንብረት ነው። በአዋጅ 47 መሠረት በትክክል የተወረሰ ቤት የተወረሰ ሆኖ ይቀራል። ጥያቄው «ቤቱ የአንተ ነበር ወይ» መሆኑ ቀርቶ «ሲወሰድ የተወሰደው በአዋጁ ነው ወይስ ከአዋጁ ውጪ» ሆነ።

እዚህ ላይ ነው ወረቀት ዕጣ ፈንታን የለየው። ቤቱን አዋጁ የፈቀደለት አንድ መኖሪያ አድርጎ ማስመዝገቡን፣ ወይም ያለ ውሳኔ በአንድ ባለሥልጣን ትእዛዝ ብቻ መነጠቁን በሰነድ ማሳየት የቻለ ሰው የሚከራከርበት መንገድ ነበረው። የምዝገባ ቅጽ፣ የግብር ካርኒ፣ የመብራት ደረሰኝ፣ አንድ ደብዳቤ ከቀን ቁጥሩ ጋር። ሰነዱን የጣለ፣ ያቃጠለ፣ ወይም ድሮውንም በቃል የኖረ ሰው ግን እውነቱ ከእሱ ጋር ቢሆንም የሚያቀርበው አልነበረውም። «ስለተመዘገብን ተወረስን» የሚለው ወሬ በየቤቱ ሲወራ፣ በፍርድ ቤት የታየው ነገር ግን ተቃራኒው ነበር። የወረሰው ለተመዘገበውም ላልተመዘገበውም አልራራም፤ ሲመለስ ግን ለተመዘገበው ብቻ በር ተከፈተ።

ከ1983 በኋላ ያለው አከራይ በሌላ መንገድ ነው የተወለደው። መሬት የመንግሥት ሆኖ ቀረ፤ ከ1986 ጀምሮ በሊዝ መከፋፈል ጀመረ፤ በጨረታ የሚወጣው ዋጋ ደግሞ ለትንሽ ቆጣቢ የሚቀመስ አልሆነም። ስለዚህ አነስተኛ ገንዘብ ያለው ሰው የቀረለት ምርጫ ሁለት ነበር። አንደኛው ባለው ግቢ ውስጥ ክፍል መጨመር ነው። የአዲስ አበባ የሰርቪስ ቤት ታሪክ ይኸው ነው፦ ከዋናው ቤት ጀርባ በተርታ የሚሰለፉ፣ በጋራ ቆጣሪና በጋራ መጸዳጃ የሚኖሩ ባለ አንድ ክፍሎች። ሁለተኛው ከ1996 እና 1997 ወዲህ የመጣው የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ነው። የ20/80 ዕጣ የደረሰው ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ራሱ አይገባበትም፤ እሱ ርካሽ ቤት ተከራይቶ የደረሰውን ያከራያል፤ ከኪራዩ የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ ይከፍላል። መንግሥት ለመኖሪያ ያቀደው ፕሮግራም ሳያስበው የከተማዋን አዲስ ትንሽ አከራይ ፈጠረ። ይህ አከራይ ራሱም ተከራይ ነው፤ ስለ አከራዮች ክፋት የሚጽፉ ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ ጥሩ ነበር።

በዚህ ሁሉ ዘመን ሥራ ላይ የነበረው የውል ሕግ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚያ ሕግ ኪራይ የሚወሰነው በሁለቱ ወገኖች ስምምነት ነው። ተግባሩ ግን ከሕጉ የራቀ ነበር። ደላላ ያገናኛል፤ የስድስት ወር፣ አንዳንዴ የዓመት ቅድሚያ ይከፈላል፤ ውል ከተጻፈም ግማሽ ገጽ ነው፤ ብዙ ጊዜ የተጻፈው ኪራይና የሚከፈለው ኪራይ አይገናኙም። ኪራይ የሚጨመረው በቃል ነው፤ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ» ተብሎ። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን ይህ ልማድ ከተማዋን አስጨነቀ። የአዲስ አበባ አስተዳደር ለተወሰኑ ወራት ኪራይ መጨመርንና ተከራይ ማስወጣትን ከለከለ፤ ከዚያም አራዘመው። ለተከራዩ እፎይታ ነበር። ለሁለት ክፍል አከራይ ደግሞ ያ የቀበሌው አሥር ብር በሩቁ ጥላውን አሳየው።

መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጸደቀ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ ይመዝገብ፤ ከሁለት ዓመት አይነስ፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ፤ ክፍያው በባንክ ወይም በሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሁን፤ ጭማሪ በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ልክ ይሁን። በአዲስ አበባ ክረምቱ ሲገባ በየወረዳው ምዝገባ ተጀመረ።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 መጣ። የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባው ቀለም፣ የቧንቧ ዕቃ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ዋጋ ወዴት እንደሄደ ገበያ የወጣ ያውቀዋል። ሰኔ ላይ የሁለት ዓመት ውል ያስመዘገበ አከራይ ከሳምንታት በኋላ በሌላ አገር ዋጋ ቤት እየጠገነ ራሱን አገኘ። የ1967ቱ ሒሳብ በትንሹ ተደገመ፦ ገቢው በሕግ ታስሯል፤ ወጪው በገበያ ተለቋል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው አከራይ ምን ያድርግ? ብዙዎች የመረጡት የድሮውን መንገድ ነው፦ መደበቅ። ዝቅተኛ ኪራይ በውሉ ላይ ጽፎ ልዩነቱን በእጅ መቀበል። ለግብርም ይቀንሳል፣ ማንም አያውቅም ይባላል። ስሌቱ ግን በአዲሱ ሕግ ሥር ተገልብጧል። ለምሳሌ አንድ አከራይ በእውነት 12 ሺህ ብር እየተቀበለ በውሉ ላይ 8 ሺህ ጻፈ እንበል። የዓመቱ ጭማሪ የሚሰላው በ8 ሺህ ላይ ነው። ተከራዩ ነገ ተጣልቶ «ውሌ 8 ሺህ ነው» ቢል በእጁ የተመዘገበ ሰነድ አለው፤ አከራዩ ግን ያልተጻፈውን አራት ሺህ የሚጠይቅበት አፍ የለውም። ቢጠይቅ ግብር መሰወሩን በራሱ አንደበት መመስከሩ ነው። ድሮ የተደበቀው ቁጥር አከራዩን ይጠቅም ነበር፤ አሁን ተከራዩን ዳኛ ያደርገዋል። የ1987ቱን የሰነድ ክርክር ያየ ሰው ይህ አያስገርመውም።

ግብሩም ቢሆን ሰው እንደሚፈራው አይደለም። በ2008 በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የኪራይ ገቢ ሠንጠረዥ «ለ» ውስጥ ነው። የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ የሌለበት አከራይ ከጠቅላላ ኪራዩ ግማሹ ለጥገና፣ ለዕቃና ለእርጅና ተብሎ እንዲቀነስለት ያ የ2008 ሕግ ሲወጣ ፈቅዶ ነበር። በቀድሞው ሕግ ተቀናሹ አንድ አምስተኛ ብቻ ነበር። ይህን ሳያውቅ ሙሉ ኪራዩ የሚታሰብበት መስሎት የተደበቀ ስንት አለ። ተመኑና ደንቡ በየጊዜው ስለሚሻሻል የዓመቱን ከወረዳው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ ግድ ነው፤ በ2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም ከዚህ ተለይቶ የሚታይ ሌላ ወጪ ነው። ከዚህ ድንጋጌ ግን ከግብር ባሻገር ሌላ ነገር መማር ይቻላል። ሕግ አውጪው ራሱ ከኪራይ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በቤቱ ላይ የሚወጣ ወጪ ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። አከራዩ ግን የመጣውን ሁሉ እንደ ደመወዝ ይበላዋል። ግማሹን ማስቀመጥ የማይችል ቢያንስ የተወሰነ እጅ በተለየ የባንክ ደብተር ውስጥ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ቢያስቀምጥ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ከተከራይ ጋር ከመጨቃጨቅ ይድናል። ቀበሌው ያላደረገው ይህን ነው።

ኪራይ ሲተመንም እንደዚሁ። ጎረቤት ስንት አከራየ ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ዋጋው ለሁለት ዓመት የሚታሰር ከሆነ መነሻው የሁለት ዓመቱን ጥገና፣ በተከራይና በተከራይ መካከል ቤቱ ባዶ የሚቀርበትን ወር፣ ግብሩንና የባንክ ዕዳውን ችሎ ማለፍ አለበት። አይችልም ከሆነ ቤቱ ለኪራይ የሚያዋጣ አይደለም ማለት ነው፤ ይህን ከመግዛት በፊት ማወቅ ይሻላል። ኮንዶሚኒየም በውድ ገዝቶ «ኪራዩ ዕዳውን ይከፍላል» የሚል ሰው ይህን ሒሳብ በወረቀት ላይ ሳያሰፍር ባይፈርም መልካም ነው።

የውሉ ወረቀትም ግማሽ ገጽ ሆኖ አይበቃም። ቤቱ ሲሰጥ በምን ሁኔታ እንደነበር፣ የመስታወቱ፣ የቁልፉ፣ የመታጠቢያው፣ የቆጣሪው ንባብ ሁለቱ ባሉበት ተጽፎ መፈረም አለበት፤ ዛሬ ስልክ ስላለ ፎቶ ማንሳት ምንም አያስወጣም። በሰርቪስ ግቢ የሚነሳው ጠብ አብዛኛው የመብራትና የውሃ ነው። በጋራ ቆጣሪ በነፍስ ወከፍ ማካፈል እንጀራ የምትጋግረውን ከማትጋግረው ጋር ያጣላል፤ ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት ዋጋ ቢኖረውም በጠብ ብዛት ይመለሳል። ትልልቁን ጥገና አከራዩ፣ በአጠቃቀም የሚመጣውን ጥቃቅን ተከራዩ የሚለው የፍትሐ ብሔር ሕጉ መንፈስ ጥሩ መነሻ ነው፤ የቱ ትልቅ የቱ ጥቃቅን እንደሆነ ግን በውሉ ላይ በስም ቢዘረዘር ይመረጣል።

ተከራይ ካልከፈለ ደግሞ በር መቆለፍ፣ መብራት መቁረጥ፣ ዕቃ ማውጣት የአከራዩን ጉዳይ ያበላሻል እንጂ አያሸንፍለትም። በሬን ቆልፎብኛል ብሎ ፖሊስ ጣቢያ የደረሰ ተከራይ የስድስት ወር ውዝፍ ቢኖርበት እንኳ ለጊዜው ተበዳይ ሆኖ ነው የሚቀርበው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ የባንክ መግለጫ፣ ከዚያ የወረዳው ተቆጣጣሪ ወይም ፍርድ ቤት። ይዘገያል፤ ያንገበግባል፤ ግን የሚያደርሰው እሱ ነው። ክፍያው በባንክ የሆነበት ውል እዚህ ላይ ለአከራዩ ይመሰክራል፤ የገባው ገንዘብ ይታያል፣ ያልገባውም ይታያል።

ሌላው ከውጭ አገር ቤት የሚያከራየው ነው። በጅዳ ወይም በቤይሩት ሰው ቤት ሠርታ በላከችው ገንዘብ ወንድሟ በስሙ ቤት የሠራባት፣ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ቦሌ ያለውን ቤት የአክስቱ ልጅ የሚያከራይለት፣ ሁለቱም ያሉበት ቦታ የ1967ቷ ባልቴት የነበረችበት ነው፦ ንብረቱ አለ፣ ሰነዱ በሌላ እጅ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 በጠቅላላ ውክልና ተወካይ ሊያደርግ ከሚችላቸው የአስተዳደር ሥራዎች አንዱ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ ለማከራየትና ኪራይ ለመሰብሰብ ጠቅላላ ውክልና ይበቃል። ለመሸጥና በዋስትና ለማስያዝ ግን ያንን የሚጠቅስ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ያንን ሳያስፈልግ መስጠት አይገባም። ኪራዩ በቀጥታ ወደ ባለቤቷ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ ውሉ ላይ ከተጻፈ ደግሞ ወንድምና እህት ከሚጣሉበት ምክንያት አንዱ ይቀንሳል።

መንግሥትም ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ድርሻ አለው። የኪራይ ቁጥጥር ተከራይን ከበደል እንደሚያድን ማንም አይክድም። ነገር ግን የዓመቱ የጭማሪ ጣሪያ የጥገናን ዋጋ ካላየ ውጤቱ የታወቀ ነው፤ ሙከራው በመቶ ሺህ በሚገመት የቀበሌ ቤት ላይ ተደርጎ ውጤቱ በየሰፈሩ ቆሞ ታይቷል። ሁለት ክፍል ያላትንና ሙሉ ሕንፃ ያለውን በአንድ ሚዛን መመዘንም እንደዚያው። አሁን ግን ከ1967 የተለየ አንድ ነገር አለ፦ ምዝገባው በትክክል ከተያዘ፣ በከተማዋ ስንት ሰው አንድ ቤት ብቻ እንደሚያከራይ ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር ይታወቃል። ትንሹ አከራይ «እኔም አለሁ» ብሎ የሚከራከርበት ቁጥር ከተደበቀው ውል ውስጥ አይወጣም።

በሰኔ 2016 የተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ውሎች ሁለት ዓመታቸው የሚሞላው በሰኔ 2018 ነው። ውሉ ሲያልቅ ቤቱን ለራሱ የሚፈልግ፣ ኪራዩን ማስተካከል የሚፈልግ፣ ወይም ከዚያው ተከራይ ጋር መቀጠል የሚፈልግ አከራይ የማለቂያው ቀን እስኪደርስ መጠበቅ የለበትም። ሐሳቡን ቀደም ብሎ በጽሑፍ ለተከራዩ ያሳውቅ፤ አንድ ቅጂ አስፈርሞ ይያዝ፤ የዓመቱን የጭማሪ መጠን ከወረዳው ይጠይቅ፤ ጣሪያውን ደግሞ ዝናቡ ሳይገባ፣ በግንቦት፣ ወጥቶ ይየው።